ሁለቱ ራውተሮች

አዎ፣ ቬንትሌተሯ ዛሬም እያጓራች ነው። ታውቋታላችሁ። እሷን ዘግቶ እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር መቀመጥ አይቻልም።

ያቺ ማታ ከአእምሮዬ አልወጣችም። የደንበኛዬን የጋሼን ሁለት ራውተሮች፣ ኢንተርኔት የሚያከፋፍሉትን ሳጥኖች፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርጌያለሁ። አንዱ ለሱቁ፣ አንዱ ሳቢያን ላለው መጋዘን። መብራት ሄዶ መጣ። ሁለቱም እኩል ተነሱ፤ አረንጓዴዋ መብራት እንኳ እኩል ነው ብልጭ ያለችው። ገና መጀመሪያ መነሳታቸው ስለሆነ የየራሳቸውን የኤስኤስኤች ቁልፍ፣ ከሩቅ ሲገባባቸው ማንነታቸውን የሚያሳዩበትን ምስጢራዊ ቁጥር፣ ያኔ ነው የሚፈጥሩት። የቁልፎቹን አሻራ፣ ማለት አጭር መለያ ጽሑፋቸውን፣ አወጣሁ። አንድ ነው። መስመር ተምታቶብኝ ይሆናል ብዬ በጣቴ ፊደል በፊደል ተከተልኩ። አቦ! እስከ መጨረሻው አንድ።

ቁልፍ የሚሠራው በዕጣ ከወጣ ቁጥር ነው። ከርነሉ፣ የሊኑክስ ሲስተሙ እምብርት፣ ዕጣውን የሚያወጣው በአመዛኙ ኢንተራፕት (ዕቃዎቹ ፕሮሰሰሩን የሚጠሩበት ምልክት) የደረሰበትን ቅጽበት እያየ ነው። እዚህ ዲስክ የለ፣ ኪቦርድ የለ። ብዙ ፕሮሰሰር ዑደቱን የሚቆጥር ቆጣሪ አለው፤ ኢንቴል ላይ ቲኤስሲ ይባላል። ይሄ ቺፕ የለውም። የድሮው ሊኑክስ ደግሞ ቆጣሪ ሲያጣ ዜሮ ነው የሚመልሰው። ሁሌ ዜሮ። የቀረው ጂፊ፣ የከርነሉ የራሱ የሰዓት ምት ነው፤ እዚህ በሰከንድ 100 ጊዜ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በ400 ሜጋኸርዝ በአንድ ጂፊ ውስጥ 4 ሚሊዮን ዑደት ያልፋል፤ ያ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይመዘገባል። ባትሪ ስለሌላቸው ቀናቸውም ከ1970 ይጀምራል። ሁለቱም።

እናቴ ሰዓት አልነበራትም። የባቡሩን ጡሩምባ ነበር የምትሰማው። ቀኑን ሙሉ የሆነው ሁሉ ለሷ «ባቡሩ ካለፈ በኋላ» ነው። ድስት ጥዳ ከሆነ ግን ጡሩምባ አትጠብቅም፤ የግቢውን ጥላ ታያለች። ጥላው የት ድንጋይ ላይ እንደደረሰ። እስካሁን ያ ድንጋይ ይታየኛል... እና በፈረንጅ 2022 ሊኑክስ ላይ የተስተካከለው ይሄው ነው። ቆጣሪ ከሌለ ዜሮ አትበል፣ ካሉህ ሰዓቶች ደቃቁን አንብብ። ይበቃል ወይ? ለሁሉም ቺፕ አይመስለኝም። ከዜሮ ግን በስንት ጣዕሙ!

ጋሼ ሲረከበኝ «ልጄ፣ ይሄ ቁልፍ የኔ ብቻ ነው አይደል?» አለኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩት። ቁልፎቹን ቀይሬያቸዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን «አዎ» ስል አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ቀዘቀዘኝ። ከሱ በፊት ራውተር ያስገባሁላቸውስ? ታይዋን ገበያ ያሉት? ያኔ አሻራ አይቼ አላውቅም። እነሱም እንደሱ ነው ያመኑኝ።

ነገ ሙቀቱ ሳይነሳ ልሂድ ብያለሁ። በር ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን...