«ማን ነው ያበላሸው?» ከተባለ በኋላ

(ምስል፦ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሠራተኛ)

አንድ ሠራተኛ ለደንበኛ የተሳሳተ ሰነድ ላከ። ስህተቱን ያየው ከላከ በኋላ ነው። እስካሁን ማንም አላወቀም። አለቃው ጋ ሄዶ ይናገር? ወይስ ዝም ብሎ ይጠብቅ?

ምርጫው በጠባዩ ብቻ አይወሰንም። ከዚህ በፊት ስህተቱን የተናገረ ባልደረባው ምን እንደደረሰበት አይቷል። ያ ሰው በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ እያየው ከተወቀሰ፣ ነገሩ ያኔ አልቋል። ይኼኛው ዝም ይላል።

(ምስል፦ የሆስፒታል ኮሪደር)

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኤሚ ኤድመንድሰን የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በሆስፒታሎች የሚፈጠሩ የመድኃኒት ስህተቶችን ያጠኑ ነበር። ተግባብቶ የሚሠራ ቡድን ስህተቱ ያንሳል ብለው ገምተዋል። ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸዋል።

ነገሩ ጠለቅ ተብሎ ሲታይ ምክንያቱ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ቡድኖች ስህተታቸውን በግልጽ ያወራሉ። ሌሎቹ ጋ ደግሞ ነርሶቹ ወቀሳን ስለሚፈሩ ብዙው ነገር ተሸፋፍኖ ያልፋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ፍርሃት ስህተትን አያጠፋም። የሚያጠፋው የስህተቱን ወሬ ነው። አለቃው ጠረጴዛ ላይ ምንም ሪፖርት ስለሌለ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል።

ሠራተኛውስ ውስጡ ምን ይሆናል? «ይህን ሥራ እንዴት ላሻሽለው?» ማለቱን ይተውና «ብጠየቅ ምን እላለሁ?» ማለት ይጀምራል። ለማስረጃ እንዲሆነው ኢሜይሉን ለአሥር ሰው ኮፒ ያደርጋል። ለትንሽ ውሳኔ እንኳ ፊርማ ይጠብቃል። ጥሩ ሐሳብ ቢመጣለትም በሆዱ ይይዘዋል፤ ካልተሳካ የሚጠየቀው እሱ ነውና። ከውጭ ሲያዩት ሰነፍ ይመስላል። ግን ሰነፍ አይደለም። ጉልበቱ ራሱን በመከላከል እያለቀ ነው። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚሆነው መጀመሪያ ላይ ለሥራው ከልቡ ይጨነቅ የነበረው ሰው ነው።

(ምስል፦ በደመና ውስጥ የሚበር አውሮፕላን)

የዝምታን ዋጋ አቪዬሽን በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ 514 ዋሽንግተን አቅራቢያ ለማረፍ ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተጋጨ። 92 ሰዎች አለቁ። ከሳምንታት በፊት የሌላ አየር መንገድ አውሮፕላን እዚያው አካባቢ፣ በፓይለቶችና በበረራ ተቆጣጣሪዎች መካከል በተፈጠረ ተመሳሳይ አለመግባባት፣ ለጥቂት ተርፎ ነበር። የዚያ አየር መንገድ ፓይለቶች ማስጠንቀቂያው ደርሷቸዋል። ለሌሎቹ ግን አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካ ውስጥ ፓይለቶችና የበረራ ተቆጣጣሪዎች ስህተታቸውን በፈቃዳቸው የሚያሳውቁበት ሥርዓት ተጀመረ። ሪፖርቱን የሚቀበለው የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ናሳ ነው። ለምን ናሳ? የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ የመቅጣት ሥልጣን አለው፤ ናሳ የለውም። የተናጋሪው ማንነት ከሪፖርቱ ላይ ይጠፋል። ሳያስብ ደንብ የጣሰ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ካሳወቀ በአብዛኛው ከቅጣት ይድናል። ወንጀልና አደጋ ግን በዚህ ከለላ ውስጥ አይገቡም።

እዚህ ላይ «ታዲያ ሰው እንዳሻው ያጥፋ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እጁ የሳተ ሰው አለ፤ እሱ የሚያስፈልገው ማጽናናትና የተሻለ አሠራር ነው። ሁሉም የለመደውን አቋራጭ የሄደም አለ። እሱን ከመቅጣት በፊት ትክክለኛው መንገድ ለምን እንዳስቸገረ ማየት ይሻላል። አደጋውን እያወቀ ግድ ያልሰጠው ግን ይጠየቃል። ሦስቱን በአንድ ዱላ የሚመታ መሥሪያ ቤት በሠራተኞቹ ዘንድ እምነት ያጣል። ሦስተኛውን በዝምታ የሚያልፍም እንደዚያው።

(ምስል፦ ከመኪና መገጣጠሚያ መስመር በላይ የተዘረጋ ገመድ)

ቶዮታ ፋብሪካዎች ውስጥ ሠራተኛ ችግር ሲያይ የሚስበው ገመድ ነበር። ሲሳብ የቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል። ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው። ገመዱን ሁሉም ፋብሪካ መግዛት ይችላል። የሳበውን ሰው የማይቆጣ አለቃ ማግኘት ነው የሚከብደው።

አለቃ ከሆናችሁ፣ ሰው ስህተቱን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የምትሉትን ነገር ከአሁኑ አስቡበት። «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ምን እናድርግ?» በሉት። «እንዴት ተፈጠረ?» የሚለው ጉዳቱ ከቆመ በኋላ ይመጣል። ከዚያ የተስተካከለውን ነገር ለራሱ ንገሩት። ቅጹ ከተቀየረ አሳዩት። ይህቺ የመጨረሻዋ ብዙ ቦታ ትረሳለች። ሰው ደፍሮ ተናግሮ ምንም ካልተለወጠ፣ ባይቆጡትም እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ ለመናገር አይደክምም።