ኪሳራው የማን ነው? ስለ ግብርና ሥልጠና የተደረገ ውይይት

ሰላም፦ ገበሬው ሦስት ቀን ሠልጥኖ ይመለሳል፤ ከዚያ እንደ አምናው ይዘራል። ለምን ይመስልሃል?

ዳዊት፦ «ግንዛቤ ስለሌለው ነው» የሚለው መልስ ያናድደኛል። ሰውየው ሥልጠናው ላይ ሆኖ ሒሳብ እየሠራ ነው። አዲሱ ዘር ባይዝለት ቤተሰቡ ዓመቱን በምን ይከርማል? ምክሩ ቢከሽፍ የባለሙያው ደመወዝ አይቀርም፤ የገበሬው ጎተራ ግን ባዶ ይሆናል።

ሰላም፦ ይህን ቀድሞ የተረዳው አሜሪካዊው የግብርና ባለሙያ ሲማን ናፕ ነው። እንደ ጎርጎርሳውያኑ በ1903፣ በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ቴረል በምትባል ከተማ አጠገብ ሰርቶ ማሳያውን በአንድ ገበሬ ማሳ ላይ፣ በገበሬው በራሱ እጅ እንዲሠራ አደረገ። የከተማው ነጋዴዎች ደግሞ ገንዘብ አዋጥተው፣ ምክሩን ተከትሎ ቢከስር ሊክሱት ቃል ገቡ።

ዳዊት፦ ከሰረ?

ሰላም፦ አተረፈ። እኔን የሚገርመኝ ግን ትርፉ አይደለም፤ ገና ከመዘራቱ በፊት «ኪሳራው የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘቱ ነው። ዛሬ ስንት ሥልጠና ይህን ጥያቄ ያነሳል?

ዳዊት፦ ጎረቤትንም አንርሳ። በዚያው አቆጣጠር በ1943 ራያንና ግሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የአዮዋ ግዛት ገበሬዎች ድቅል በቆሎን (የተለያዩ ዝርያዎች ተዳቅለው የተገኘ ዘር) እንዴት እንደተቀበሉ አጥንተው ነበር። ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከዘር ሻጮች ነው፤ ልባቸውን ያሳመነው ግን የጎረቤት ማሳ ነው። እነሱም ቢሆኑ መጀመሪያ የሞከሩት በቁራሽ መሬት ላይ ነበር። ይህ ጥንቃቄ እንጂ ግትርነት አይደለም።

ሰላም፦ በ1989 ኢንዶኔዥያ ውስጥ የተጀመረው የገበሬዎች የመስክ ትምህርት ቤትም ያንን ጥንቃቄ አክብሮ የተነሳ ነው። የሩዝ ገበሬዎች በየሳምንቱ ማሳ ወርደው ተባዩንም ተባዩን የሚበሉትን ሸረሪቶችም ይቆጥራሉ። መድኃኒቱ ሸረሪቶቹን ሲፈጅ ተባዩ እንደሚበዛ በዓይናቸው ያያሉ። ይረጭ ወይስ አይረጭ የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ዳዊት፦ አንድ ነገር ልጨምር። ጥሪው ብዙ ጊዜ ለአባወራው ነው የሚደርሰው። አረሙን ስታርም የምትውለው ሚስቱ ብትሆንም ስለ አረም የሚሠለጥነው እሱ ነው።

ሰላም፦ ማታ የሰማውን ካልነገራት ደግሞ ሥልጠናው እጇ ሳይደርስ ይቀራል።