ሲወድቁ የሚደገም ድግምት፦ ስለ ፌዘር ፎል የተደረገ ውይይት

ሊዲያ፦ አድማጮቻችን፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ርእሳችን ተጫዋቾች በምናብ ዓለም ገጸ ባሕሪ ሆነው በሚጫወቱት በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ውስጥ ፌዘር ፎል የተባለው፣ የሚወድቅን ሰው ቀስ አድርጎ የሚያወርደው ድግምት ለጀማሪ አስማተኛ ይጠቅመዋል ወይስ ቦታ ብቻ ይይዝበታል የሚለው ነው። የምንጠቅሰው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአምስተኛው እትም ሕግ መሆኑን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

ናሆም፦ ወደ ርእሱ ሳንገባ ግን የባርባሪያናችን፣ የዚያ በቁጣ የሚዋጋ ገጸ ባሕሪ፣ ታሪክ መነሣቱ አይቀርም።

ሊዲያ፦ እንዴት ይቀራል? አስማተኛችን ይህን ድግምት ከተማረበት ዕለት ጀምሮ ባርባሪያናችን በመሰላል መውረድ አቁሟል። ገደል ጫፍ ላይ ይቆምና «ላባው አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ድግምቱ ትንሽ ላባ ስለሚፈልግ ነው። መልሱን ሳይሰማ ይዘላል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ 120 ጫማ ከፍታ ካለው ግንብ ላይ ጨርሶ ሳይጠይቅ ዘለለ፤ አስማተኛው ግን ያን ጊዜ የቆመው ከግንቡ ሥር ነበር።

ናሆም፦ ድግምቱ የሚደርሰው እስከ 60 ጫማ ብቻ ስለሆነ ሰውየው ከመዝለሉ በፊት ከክልሉ ውጪ ነበር ማለት ነው።

ሊዲያ፦ ክርክሩ የተነሣው እዚያ ላይ ነው። ይህ ድግምት ከብዙዎቹ የሚለየው የራስን ተራ ሳይጠብቁ የሚደገም በመሆኑ ነው፤ አንድ ሰው ሲወድቅ፣ በዚያችው ቅጽበት፣ በሪአክሽን፣ ማለትም ለአንድ ክስተት ወዲያው በሚሰጥ ምላሽ፣ ይደገማል። ሕጉ አስማተኛው ራሱ ወይም በ60 ጫማ ውስጥ ያለ ፍጡር ሲወድቅ ይላል። እኔ የጨዋታው መሪ እንደመሆኔ የፈረድኩት፣ የሚወድቀው ሰው ግማሽ መንገድ ወርዶ 60 ጫማው ክልል ውስጥ ሲገባ አሁንም እየወደቀ ስለሆነ አስማተኛው ሊይዘው ይችላል ብዬ ነው።

ናሆም፦ እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። ውድቀቱ የጀመረው 120 ጫማ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የዛናታር መጽሐፍ፣ ተጨማሪው የሕግ መጽሐፍ፣ በአማራጭነት ያስቀመጠውን ሕግ ከተከተልን ደግሞ የሚወድቅ ሰው በአንድ ጊዜ 500 ጫማ ስለሚወርድ፣ አስማተኛው መሐል ላይ የሚጠብቅበት ፋታ የለውም።

ሊዲያ፦ ያ አማራጭ ሕግ የወጣው ከሰማይ የሚወድቁ ሰዎች ስንት ዙር አየር ላይ ይቆያሉ ለሚለው ጥያቄ እንጂ ለእኛ ግንብ አይደለም። ለነገሩ ቁጥሩ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ አንድ ዙር ስድስት ሴኮንድ ሲሆን፣ የአየርን ተቃውሞ ከተውነው በስድስት ሴኮንድ ውስጥ የሚወድቅ ነገር ወደ 580 ጫማ ይወርዳል። ፌዘር ፎል ግን ፍጥነቱን በዙር 60 ጫማ፣ ማለትም በሴኮንድ ሦስት ሜትር ገደማ ያደርገዋል። በዚያ ፍጥነት መሬት መንካት ከግማሽ ሜትር ከፍታ ዘሎ ከመውረድ ጋር ስለሚተካከል፣ ሕጉ ምንም ጉዳት የለም፣ በእግር ቆሞ ማረፍም ይቻላል ማለቱ በቂ ምክንያት አለው።

ናሆም፦ መሐል ላይ ከተያዘስ? 60 ጫማ የወደቀ ሰው በሴኮንድ 19 ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ያን ሁሉ ፍጥነት በቅጽበት ማቆም ያለ ጉዳት እንዴት ይሆናል?

ሊዲያ፦ ሕጉ ስለዚያ ዝም ብሏል፤ እኔም ዝም እላለሁ።

ናሆም፦ እንግዲያውስ የግንቡን ጉዳይ እንዳልተስማማን እንለፈው። ግን ባርባሪያኑ በቁጣው ውስጥ ከሆነ የውድቀት ጉዳት በግማሽ እንደሚቀንስለት አትርሺ። ከ120 ጫማ ሲወድቅ በየ10 ጫማው አንድ ባለ ስድስት ጎን ዳይስ፣ በጠቅላላው 12 ዳይስ ይጣልበታል፤ አማካዩ 42 ሲሆን እርሱን የሚደርሰው ግን 21 ብቻ ነው። ከቡድናችን ድግምቱን እምብዛም የማያስፈልገው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ሌት ተቀን «ላባው አለ?» እያለ የሚጮኸውም እርሱ ነው።

ሊዲያ፦ በእርግጥ ድግምቱ የታሰበው እንደ እርሱ ላለው አይደለም። በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ፍጡራንን ይይዛል። አራት ሆነን በቅሎዋን ይዘን ድልድዩ የተበጠሰብንን ቀን አስታውስ፤ በቅሎዋን ጨምሮ አምስት ነበርን፣ ሁላችንም ቀስ ብለን ወረድን። ጋሪው ግን ፍጡር ስላልሆነ ድግምቱ አልነካውም፤ ከኛ ቀድሞ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተከሰከሰ። በሦስተኛው እትም ቢሆን ኖሮ ሕጉ ዕቃንም ስለሚፈቅድ፣ መጠኑ ከተመጠነ ጋሪው ሊድን ይችል ነበር። ድግምቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው የአድቫንስድ እትም የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥም ስለነበረ፣ ሕጉ በየዘመኑ ሲለዋወጥ መቆየቱ አያስደንቅም።

ናሆም፦ በቅሎዋ ግን ጭነቷን ይዛ ወረደች።

ሊዲያ፦ አዎን፣ የተሸከመችውን ከእርሷ ጋር ቆጠርኩት። ከዚያ ይልቅ ልነግርህ የፈለግኩት ድልድዩ ከመበጠሱ በፊት ስለሆነው ነው። አስማተኛው ከጎብሊኑ ቀስት ለመዳን ሺልድ የተባለውን ድግምት ልደግም ነው ብሎ እጁን አንሥቶ ነበር። ሺልድም በሪአክሽን ስለሚደገም፣ ያን ቢያደርግ ኖሮ ተራው ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ሌላ ሪአክሽን ባልነበረው ነበር። ለአፍታ አሰበና ተወው፤ ቀስቱ ትከሻው ላይ ተተከለ፤ ወዲያው ገመዱ ተበጠሰ። የዚህ ድግምት ትክክለኛ ዋጋ እዚያ ላይ ነው፤ ስሎቱ፣ ማለትም በቁጥር የተወሰነው የመድገም ዕድል፣ ብቻ ሳይሆን፣ ሪአክሽኑን ለማይታወቅ ነገር ሳያወጡ መጠበቅ ነው።

ናሆም፦ በተጨማሪም አፉ የታሰረ አስማተኛ ሊደግመው አይችልም፤ ቃል መውጣት አለበት። ላባውን ለመያዝም አንድ እጁ ነጻ መሆን ይኖርበታል።

ሊዲያ፦ የሚፈጀው ጊዜም አይረሳ። ድግምቱ የሚቆየው አንድ ደቂቃ፣ ማለትም 10 ዙር ነው፤ 600 ጫማ ካወረደ በኋላ ያበቃል። ከ700 ጫማ የወደቀ ሰው የመጨረሻውን 100 ጫማ እንደ ማንም ይወድቃል፤ ያኔ 10 ዳይስ ይጠብቀዋል። አስማተኛው ሌላ ስሎትና ሪአክሽን ካለው ግን እንደገና ሊደግመው ይችላል። በዚያ ላይ ከ300 ጫማ የሚወርድ ሰው አምስት ዙር ሙሉ አየር ላይ ስለሚንሳፈፍ፣ ታች ቀስተኞች ካሉ አመቺ ኢላማ ይሆንላቸዋል።

ናሆም፦ እንግዲህ ወደ ርእሳችን እንመለስ፤ ጀማሪ ይያዘው ወይስ አይያዘው?

ሊዲያ፦ ጀማሪ ሶርሰረር፣ ማለትም አስማቱ በውስጡ ያለ አስማተኛ፣ የሚያውቀው ሁለት የመጀመሪያ ደረጃ ድግምቶች ብቻ ስለሆነ፣ አንዱን በዚህ እንዲያባክን አልመክርም። ዊዛርድ፣ ማለትም ድግምትን ከመጽሐፍ የሚማር አስማተኛ፣ ግን በመጽሐፉ ስድስት ድግምቶች ይዞ ስለሚጀምር ይጻፈው፤ ተራራ ወይም ግንብ በሚወጡበት ቀን ብቻ ያዘጋጀው።

ናሆም፦ ጉድጓድ ግን ቀን ቆርጦ አይመጣም። እኔ ዘወትር ይዘጋጅ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ባይ ነኝ።

ሊዲያ፦ የ10 ጫማ ጉድጓድ በአማካይ ከሦስት ተኩል የማይበልጥ ጉዳት ነው የሚያደርሰው። ለዚያ ከሁለቱ ስሎቶች አንዱን ማውጣት አያዋጣም።

ናሆም፦ ስድስት የሕይወት ነጥብ ላለው ዊዛርድ ሦስት ተኩሉም ግማሽ ሕይወቱ ነው።

ሊዲያ፦ ለራሱ ከሆነ ያውጣው እንግዲህ። ለባርባሪያኑ ግን ከ50 ጫማ በታች ላባው አይወጣም፤ ይህን ለቡድኑ በጽሑፍ እልካለሁ።

ናሆም፦ ያነበው ይመስልሻል?

ሊዲያ፦ አያነበውም፤ ጠረጴዛው ላይ እለጥፈዋለሁ።