ያ ወረቀት ይቀደድ
በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበሩ የእድራችን ዳኛ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

የድንኳኑን፣ የወንበሩንና የድስቱን ነገር ንብረት ክፍላችን በዝርዝር አቅርቧል፤ የምጨምረው የለኝም። እኔ ሰዓት የለመንኳችሁ ለሌላ ጉዳይ ነው።

በጸሐፊነት ባገለገልኩባቸው 22 ዓመታት የስንቱን ጎረቤታችንን የሕይወት ታሪክ መቃብር ዳር ቆሜ እንዳነበብኩ ታውቃላችሁ። ሥራው እንዲቀልልኝ ብዬ አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ... ደግ፣ ሩኅሩኅና ሰው አክባሪ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው...» ስም ብቻ ነበር የሚለዋወጠው። ሁላችሁም በቃላችሁ ትወጡታላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት እናቴን ስቀብር ያው ወረቀት መጣብኝ። ኀዘንተኛው እኔ ስለነበርኩ ሌላ ሰው አነበበው። «ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ በአካባቢያቸው ትምህርት ቤት ገብተው» አለ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም! የእድሩን መዝገብ የምትፈርመው በአውራ ጣቷ ነበር፤ መዝገቡ ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ። ቀጠለና «በንግድ ሥራ ተሰማርተው» አለ። በርበሬ መሸጧስ እውነት ነው። ነገር ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁት ስንታችሁ ናችሁ በእሷ እጅ የተወለዳችሁ? የሰፈሩ አዋላጅ መሆኗ በአንድ ቃል እንኳ ሳይነሣ አፈር ተመለሰባት። እኔም ዝም አልኩ። እናቱን እየቀበረ ማን ንባብ ያርማል?

በሠልስቱ ዕለት አንዲት ባልቴት ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። የቀረበላቸውን ንፍሮ ሳይነኩ ያወሩልኝ ጀመር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ባላቸው ታስረዋል፤ እሳቸውን ሌሊት ምጥ ያዛቸው። እናቴ ምላጭና ክሯን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ፋኖሷን ይዛ ወጣች። ድልድዩ ላይ ወታደሮች አስቆሟት። «ሰዓት እላፊ መሆኑን አታውቂም?» ሲሏት፣ «እኔስ አውቃለሁ፤ የሚወለደው ልጅ ግን አያውቅም» አለቻቸው። ከወታደሮቹ አንዱ ጠመንጃውን እንዳነገተ እስከ ባልቴቷ በር ድረስ ሸኛት። ሊነጋጋ ሲል ልጁ ተወለደ። ያ ልጅ ዛሬ ድንኳናችንን የሚተክልልን ወንድማችን ነው። የእናቴንም ድንኳን የተከለው እሱ ነው።

እኔ ልጇ ይህን የሰማሁት በ51 ዓመቴ፣ እሷ ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። ቀብሩ ላይ ቢነገር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ለማን እንደሚያለቅስ ያውቅ ነበር።

የቀደሙት ሰዎች ጀግና ሲሞትባቸው ፈረሱን ጭነው፣ ጋሻውንና ጠመንጃውን ይዘው ልቅሶ ይወጡ ነበር። አልቃሿ ሥራውን በሙሾ ትደረድረዋለች። ማን እንደሞተ ከሩቅ ይታወቃል። እኛስ? ፎቶ ጨርቅ ላይ እናሳትማለን፤ አውቶብስ እንኮናተራለን፤ ከዚያ «ስንት ሰው ወጣ? ምን ቀረበ?» እየተባባልን ወደ ቤታችን እንገባለን። ለድንኳን ገንዘብ ያላነሰን ሰዎች ለሟቹ ሁለት ገጽ የሚጽፍ ሰው መመደብ እንዴት ያቅተናል? ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ መዋጮ የከፈለው በሌላ ሰው ታሪክ ሊቀበር ነው?

«በቁም ስለ ቀብር ማውራት ሟርት ነው» የምትሉ አላችሁ፤ ባለፈው ስብሰባም ሰምቻችኋለሁ። በየወሩ የምንከፍለው ታዲያ ለምንድን ነው? ለቀብራችን እየከፈሉ ስለ ቀብራችን መናገር ሟርት ከሆነ እድሩን ዛሬውኑ እንዝጋው!

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ያ ወረቀት ይቀደድ። እያንዳንዱ አባል በጤናው ሳለ ታሪኩን ማን እንዲያነብለት፣ ምን እንዲነገርለት፣ ምን እንዳይባልበት ጽፎ ወይም አጽፎ አሽጎ ያስቀምጥ። ሳያጽፍ ለሞተ ሰው ሁለት አባላት በዚያው ሌሊት ከቤተሰቡና ከእኩዮቹ ጋር ተቀምጠው ይጻፉለት። ጸሎተ ፍትሐቱን አንነካም፤ እሱ የቤተ ክርስቲያን ነው። የሙስሊም አባሎቻችንም የቀብር ሥርዓት እንደተጠበቀ ነው፤ ቤተሰቡ ከፈለገ ጽሑፉን ለልጆቹ ያስቀር። ካሜራውንም አልቃወምም፤ ጅዳና ቤይሩት ያሉ ልጆቻችን የእናታቸውን ቀብር የሚያዩት በስልክ ነው። የምግቡን ነገር ለሌላ ቀን ትቼዋለሁ።

የእኔን ይዤ መጥቻለሁ፤ ይኸው ታሽጓል። ታሪኬን ድንኳን ተካያችን እንዲያነብልኝ ጽፌአለሁ፤ የእኔን ከመጀመሩ በፊት እሱ የተወለደበትን ሌሊት እንዲያወራ። ዳኛችን፣ ተቀበሉኝና ድምፅ ይሰጥበት።