ምጥ መንገድ እስኪከፈት አይጠብቅም

በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢዋ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ከየወረዳው የመጣችሁ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን፣ ሐኪሞች፣ የፋርማሲ ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የእድር ተወካዮች፣ ውድ እንግዶች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከዳንግላና ከመራዊ ያን ሁሉ መንገድ ተቋቁማችሁ እዚህ መድረሳችሁን ሳይ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። መምጣት ያልቻሉም አሉ። ገሚሶቹ ተረኛ ስለሆኑ፣ ገሚሶቹ መንገድ ስለተዘጋባቸው ቀርተዋል። የሁላችሁንም ሰላምታ እናደርስላቸዋለን።

ዘንድሮ ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ አንድ ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ፣ ጦርነት ይሁን መፈናቀል ወይም ወረርሽኝ፣ የሴቶችና የወጣቶች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከምግብና ከውሃ ጋር እኩል መቅረብ አለበት። «እሱ በኋላ ይደረስበታል» የሚባለው ነገር እናት እየገደለ ነው።

ለምን ወደ ኋላ እንደሚቀር አውቃለሁ። ሕዝብ ተፈናቅሎ አንድ ቦታ ሲሰፍር መጀመሪያ የሚጠየቀው ዱቄት፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስና ሸራ ነው። ልክ ነው፣ ሰው መብላት አለበት። ግን እዚያው ሸራ ሥር የመውለጃ ወሯ የገባ ሴት አለች። የወሊድ መከላከያ መርፌዋ ቀኑ ያለፈባት እናት አለች። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቷን ቤቷ ጥላ የሸሸች አለች። ፔሬዷ መጥቶባት ሞዴስም ቅያሪ ልብስም የሌላት ተማሪ አለች። መንገድ ላይ ጥቃት ደርሶባት ለእናቷ እንኳን ያልተናገረች አለች። እነዚህ ሴቶች ሰው መሐል ቆመው «እኔ ይህ ይጎድለኛል» አይሉም። መዝጋቢው ለብቻቸው ካልጠየቃቸው ከዝርዝሩ ይቀራሉ።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። 10,000 ሰው አንድ ቦታ ተጠልሏል እንበል። የአስቸኳይ ጊዜ እቅድ ሲወጣ ከሕዝቡ ሩቡ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶች ናቸው ተብሎ ይያዛል። 2,500 ሴቶች ማለት ነው። በዓመት ከ1,000 ሰው 40 ልጅ ይወለዳል ብለን ብናሰላ 400 ወሊድ ይመጣል፤ በቀን ከአንድ በላይ። ከነፍሰ ጡሮቹ 15 በመቶ ያህሉ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ችግር ሊገጥማቸው ይችላል ተብሎ ይገመታል። 60 እናቶች፣ በወር አምስት። የትኞቹ አምስት እንደሚሆኑ አስቀድሞ የሚያውቅ ማንም የለም። ስለዚህ ለሁሉም መዘጋጀት ግድ ነው።

ዓለም ይህን ካወቀው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1994 በካይሮ የተካሄደው የሕዝብና ልማት ጉባኤ ስደተኞችና ተፈናቃዮች የሥነ ተዋልዶ ጤና አገልግሎት እንደሚያስፈልጋቸው አንስቷል። በዓመቱ የተባበሩት መንግሥታት ተቋማትና የረድኤት ድርጅቶች አንድ የጋራ የሥራ ቡድን አቋቋሙ። በየሥልጠናው የምንሰማው አነስተኛ የመነሻ አገልግሎት ጥቅል የዚህ ጥረት ውጤት ነው። ጥቅሉ አደጋው በደረሰ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ይጠይቃል። ወሲባዊ ጥቃትን መከላከልና ተጎጂዎችን ማከም፣ ኤች አይ ቪና የአባላዘር በሽታ እንዳይዛመት ማድረግ፣ የእናቶችንና የጨቅላዎችን ሞት መቀነስ፣ ያልታቀደ እርግዝናን መከላከል አለበት። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ ሙሉ አገልግሎት መሻገርን ያቅዳል። ከሁሉ በፊት ግን ሥራውን የሚመራ አንድ አካል ይሰየም ይላል። በእኔ እምነት ትልቁ ቁም ነገር እሱ ነው። ኃላፊው ካልታወቀ ሁሉም «ሌላው ይሠራዋል» ብሎ ይቀመጣል፤ ቀኑም ያልፋል።

ይሁን እንጂ ይህ ጥቅል ሲነገር አብዛኛው ሰው የሚታየው የመጠለያ ካምፕ ነው። ካምፕ እኛም አይተናል። በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ቻግኒ አካባቢ፣ ራንች በሚባለው ቦታ ሰፍረው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግን ችግሩ ራሱ ወደ ቤታችን መጣ። መንገድ ተዘጋ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። አምቡላንስ ከቆመበት መንቀሳቀስ አቃተው። ያኔ ከቀዬዋ ያልወጣችው እናት ሳትቀር ከሆስፒታል ተቆረጠች። ማንም ተፈናቃይ ብሎ አይመዘግባትም። ብርድ ልብስ አይደርሳትም። ከጮቄ ሥር ወይም ከአባይ በረሃ ዳር ጎጆዋ ውስጥ ምጥ ይዟት፣ ጎረቤት ከቧት «ማርያም፣ ማርያም» እየተባለላት፣ ጤና ጣቢያ የሚያደርሳት መንገድ ግን የለም። የጎጃም ክፉ ቀን በአብዛኛው ይህን ይመስላል። የእኛም ዝግጅት ከዚህች እናት ቤት መጀመር አለበት።

ከወሊድ በኋላ ደም የሚፈሳት እናት ሕክምና ካላገኘች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ሰው ሁለት ሰዓት ምን ያህል አጭር እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ መድኃኒቱ እናቲቱ ያለችበት ቦታ ቀድሞ መገኘት አለበት። ደም መፍሰሱን የሚገታው ኦክሲቶሲን የተባለው መርፌ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ሲሞቅ አቅሙን ያጣል። ብልቃጡን አይታችሁ ግን መበላሸቱን ልታውቁ አትችሉም። ለዚያው ሥራ የሚውለው ሚሶፕሮስቶል ግን ፍሪጅ አይፈልግም፤ በእንክብል መልክ በጤና ኬላ ሊቀመጥ ይችላል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርቶን ሙሉ ተደርድሮ ቀበሌው ባዶ ከሆነ ግን መንገድ በተዘጋ ዕለት ለማንም አይጠቅምም። በደም ግፊት ለሚያንቀጠቅጣት እናት የሚሰጠው የማግኒዚየም ሰልፌትም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ደም ግፊቷ ጨምሮ የሚያንቀጠቅጣት እናት የመጀመሪያውን ዶዝ ሳታገኝ ሪፈር ተብላ መላክ የለባትም። በእርግጥ በየትኛው ደረጃ ማን ምን መስጠት እንደሚችል የተደነገገ ነው። በተደነገገው ልክ ግን እንኳ አልተዘጋጀንም።

ንጹህ የወሊድ ጥቅልም አለ። የሚነጠፍ ፕላስቲክ፣ ሳሙና፣ ጓንት፣ አዲስ ምላጭ፣ እትብት ማሰሪያ ክር። ይህን ያህል ቀላል ነው። እኔ እንዲያውም ጥቅሉ ስምንተኛ ወሯ ለገባ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በእጇ ይሰጣት እላለሁ። አንዳንድ ባልደረቦቼ «ቤት ውስጥ ውለጂ ማለት አይሆንም ወይ?» ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ አምስት ብቻ ነበሩ። በ2019 ከመቶ 48 ደርሰዋል። ያንን ለውጥ ያመጡት እናንተና በየቤቱ የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናችሁ። ማንም እንዲያፈርሰው አንፈልግም። ለእናቲቱ የምንነግራት ግን አንድ ነው። መንገድ ካለ ነይ፤ ቀኑ ሳይደርስ ነይና ጤና ጣቢያው ባለው የእናቶች ማቆያ ውስጥ ቆዪ። መንገድ ከተዘጋ ደግሞ ባዶ እጅሽን አትሁኚ። የማቆያ ቤቶቻችን ገንፎውም ቡናውም ሳይጓደል ክፍት መሆን አለባቸው። የቃሬዛ ማኅበራትና እድሮችም ስለዚህ ነው ዛሬ የተጋበዙት። የትኛዋ እናት በየትኛው ወር እንደምትወልድ አስቀድመው ካወቁ መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን ያደርሷታል።

የወሊድ መከላከያ በክፉ ቀን ቅንጦት ይመስላቸዋል አንዳንዶች። መጪው ቀን ያልታወቀባት ሴት ከምንም ጊዜ በላይ የምትፈልገው እሱን ነው። በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚጠቀሙት በየሦስት ወሩ የሚወጋውን መርፌ ነው። መንገድ ሲዘጋ ቀኑ ያልፋል፤ እናቲቱም ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። ቀኑ እስከ አራት ሳምንት ቢያልፍ እንኳ መርፌውን ወስዳ መቀጠል እንደምትችል ንገሯት። እንክብል ለምትወስደው የአንድ ወር ብቻ ቆጥራችሁ አትስጧት። በክንድ የሚቀበረውን ለፈለገችው ቅበሩላት። ሲበቃት የሚያወጣላት ሰው መኖሩን ደግሞ አረጋግጡላት።

ወደ ወጣቶቹ ልምጣ። ልቤ ይበልጥ የሚያዝነው እዚህ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅቷ ቤት ትውላለች። ቤተሰብ ይጨነቃል። «ሳይደርስባት ትዳር ትያዝ» ይባላል። ክፋት የለበትም፤ ፍርሃት ነው። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ እሷ ገና ልጅ ናት። ታረግዛለች። ዳሌዋ ገና አልደረሰም፣ ምጡ ይጠናል፣ መንገዱ ዝግ ነው። ከዚያ የሚመጣውን ፌስቱላ፣ ሽንት መቆጣጠር የሚያሳጣውን የወሊድ ጉዳት፣ ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተው የሐምሊን የፌስቱላ ማዕከል ያያቸው ሴቶች ይመሰክራሉ። የሃይማኖት አባቶቻችን፣ የእናንተ ቃል ከእኛ ፖስተር ይበልጣል። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው አጥቢያዎች በዚህ ጉዳይ ላይ በግልጽ እንድታስተምሩልን እጃችሁን ይዤ እለምናለሁ።

ለእኛ ለባለሙያዎቹም የምለው አለኝ። ለወጣቶች ምቹ አገልግሎት የሚል ታፔላ በብዙ ጤና ጣቢያ በር ላይ አለ። በሩን ዘልቃ የገባች የ17 ዓመት ልጅ ግን «የማን ልጅ ነሽ?» ተብላ ከተጠየቀች ነገ አትመጣም። ፖስት ፒሉን፣ ድንገተኛውን የእርግዝና መከላከያ እንክብል፣ ከየትም ፈልጋ ታገኛለች፤ ምክሩንና ምርመራውን ግን ታጣለች። ካርድ ክፍሉ ሰው በተሰለፈበት ጮክ ብሎ ለምን እንደመጣች መጠየቁን ይተው። ይህ በጀት አይፈልግም። ወንዶቹንም አንርሳ። ኮንዶም የሚጠይቅ ወጣት ሲያፍር የምናሳፍረው እኛ ነን።

ጥቃት የደረሰባት ሴት ስትመጣ ሰዓቱ ይቆጠራል። የኤች አይ ቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቀደም ባለ ቁጥር ይሻላል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 120 ሰዓት ይሰጣል። ስለዚህ ቅድሚያ ሕክምናው ነው። የፖሊስ ደብዳቤ ካላመጣሽ አናይሽም ብሎ መመለስ ሰዓቷን መስረቅ ነው። መክሰስ አለመክሰሱ የእሷ ውሳኔ ነው። ሰዓቱ አልፎ አርግዛ ብትመጣስ? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝናው ከመደፈር የመጣ ከሆነ እንዲቋረጥ ይፈቅዳል፤ የእሷ ቃል ብቻ በቂ ነው። በዚህ ላይ የየግል እምነታችን ሊለያይ ይችላል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ይህን አገልግሎት መስጠት የማይችል ባለሙያ ግን ወደሚሰጣት ሳይውል ሳያድር ይምራት። ጥቃቱን ማን እንዳደረሰባት የተጻፈበትንም መዝገብ ማንም አያንብብባት። በእኛ አካባቢ ባሁኑ ጊዜ የአንድ ካርድ መውጣት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ለማንም ወገን አልናገርም፤ ለሁሉም ነው። እ.ኤ.አ. የ1949 አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 16 ነፍሰ ጡሮችን ከቁስለኞችና ከሕመምተኞች ጋር ደርቦ ልዩ ጥበቃ ይደረግላቸው ይላል። በአምቡላንስ ውስጥ ያለችው እናት የማንም ጠላት አይደለችም። አዋላጇም እንዲሁ። መሣሪያ የያዘ ሁሉ ይህን እንዲያከብር ማኅበራችን ሳይታክት ይጠይቃል።

እናንተስ? በስልክ መብራት የምታዋልዱ፣ ደመወዝ ዘግይቶባችሁ ከተራችሁ ያልቀራችሁ፣ የራሳችሁን ልጆች ለጎረቤት ትታችሁ የምታድሩ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ዛቻ ደርሶባችኋል። ከእኛ ጋር የነበሩ፣ ዛሬ የሌሉም አሉ። ይህን ሸክም ለብቻችሁ እንድትሸከሙት ማኅበሩ አይፈቅድም። የመረዳጃ መዋጮውን ጉዳይ ነገ ጠዋት የምናነሳው ለዚህ ነው። ደግሞም በየወረዳው ሁለት ሁለት ሆናችሁ የምትነጋገሩበት ሰው ይኑራችሁ። የሰው ሞት አይቶ ዝም ብሎ ማደር ይጎዳል።

አሁን ወደ ሥራ እንግባ። ከሻይ በፊት እያንዳንዱ ወረዳ ሦስት ነገር ጽፎ እንዲያቀርብ እፈልጋለሁ። መንገድ ቢዘጋ የሥነ ተዋልዶ ጤናውን ሥራ የሚመራው ሰው ማን ነው? የትኞቹ ቀበሌዎች ዛሬ ሚሶፕሮስቶልና ንጹህ የወሊድ ጥቅል የላቸውም? በሚቀጥሉት ሦስት ወራት የሚወልዱ እናቶች ዝርዝር በማን እጅ ነው? በዝርዝሩ ላይ የእናቶቹ ስም በአደባባይ እንዳይነበብ ተጠንቀቁ፤ ቁጥሩ ይበቃናል። ከሰዓት በኋላ የመድኃኒቱን ክፍፍል ከፋርማሲ ባለሙያዎቻችን ጋር እንጨርሳለን። የቢቸና ቡድን ቀድሞ ያቀርባል፣ የሞጣ ይከተላል።

ጉባኤው ተከፍቷል።