ስለ ስቴም ሴልና ስለ ሳንባችን

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እኅቶችና ወንድሞች፤

እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ የማክማቸው ወገኖቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ዶክተር፣ ስቴም ሴል ብወጋ ሳንባዬ ይታደሳል ወይ?» ስቴም ሴል ማለት ወደ ሌላ ዓይነት ሴል የመለወጥ አቅም ያለው የሰውነት ሕዋስ ነው። ከጠያቂዎቹ መካከል ሲጋራ በእጃቸው ነክተው የማያውቁ፣ ነገር ግን ግማሽ ዕድሜያቸውን በማገዶ ጭስ ታፍነው እንጀራ የጋገሩ እናቶች አሉ። ዛሬ ሦስት ደረጃ ወጥተው ግድግዳ ይደገፋሉ። ተስፋ ቢሹ አይፈረድባቸውም።

እውነቱን ግን ልንገራችሁ፤ ዛሬ በገበያ ላይ የሚሸጠው ስቴም ሴል ሳንባን እንደሚያድስ አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2013 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት ኮፒዲ (COPD) የተባለው፣ የአየር መተላለፊያውን የሚያጠብብና የአየር ከረጢቱን የሚያፈርስ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን 62 ሕሙማን በአሜሪካ ስድስት ቦታዎች አሳትፏል። ገሚሶቹ ከጤነኛ ለጋሾች መቅኔ የተገኘ ሴል በየወሩ፣ በአጠቃላይ አራት ጊዜ፣ በደም ሥራቸው ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ ሴል የሌለበት ፈሳሽ ወሰዱ። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሕሙማኑም ሐኪሞቹም አያውቁም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው። ሕክምናው ጉዳት አላስከተለም፤ የትንፋሽ አቅማቸውንም አላሻሻለም። ሲጀመር ብግነት (የሰውነት መቆጣት) በርትቶባቸው በነበሩት ሕሙማን ላይ ብቻ በደማቸው ውስጥ ያለው የብግነት ምልክት ቀነሰ። ተመራማሪዎችን የሚያጓጓው ይህ ፍንጭ ነው፤ እኔንም ያጓጓኛል።

ሻጮቹ «ሴሉ በቀጥታ ሳንባ ላይ ያርፋል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ያርፋል። ነገር ግን አብዛኛው በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ የፈረሰውን የአየር ከረጢት መልሶ አይገነባም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ለዚህ ሕመም የፈቀደው የስቴም ሴል ሕክምና የለም። እንዲህ ላለው ነገር የዕቁብ ገንዘብ ሲወጣ፣ ልጆች ሲበደሩ ማየት ያመኛል፤ ያናድደኛልም። «በምርምር ላይ ነን» እያለ ሺህ ዶላሮች የሚያስከፍላችሁን ሰው ከማን ጋር አነጻጽሮ እንደሚመራመር፣ ውጤቱንም የት እንዳሳተመ ጠይቁት።

በእጃችን ያለው ሕክምና የሚናቅ አይደለም፤ ከጭስ መራቅ፣ ክትባት፣ በባለሙያ የሚመራ የሳንባ ማገገሚያ እንቅስቃሴ፣ ለሚያስፈልገው ኦክስጅን። መድኃኒት በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብበትን ኢንሄለርም ብዙ ሰው ይዞታል፤ በትክክል የሚወስደው ግን ጥቂት ነው። የሚጫነውን ዓይነት ከሆነ ነቅንቁት፣ አየራችሁን ሙሉ በሙሉ አስወጡ፣ እየተጫናችሁ በቀስታ ሳቡ፣ አሥር እስክትቆጥሩ ያዙት። ዛሬ ይዛችሁት የመጣችሁ ካላችሁ ከስብሰባው በኋላ እዚያ ጠረጴዛ ጋር እንገናኝ፤ ስትወስዱት ልይ።

አመሰግናለሁ።