ቀለም አይዘልቀውም የተባለ ልጅ፦ የትምህርት ምዘና ከውስጥ ሲታይ

(ምስል፦ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የፊደል ገበታ፤ የልጅ ጣት ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል።)

ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ፣ ሄ፣ ህ፣ ሆ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ከገበታው ፊት ቆሞ ፊደል ይቆጥራል። ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳያስቀር ይወርደዋል። አያቱ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። እኔ ግን ጣቴን ገበታው መሐል «ጊ» ላይ አሳረፍኩና «ይህችስ?» አልኩት። ዝም አለ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀስ ነበር። ጆሮዬን ጠጋ አድርጌ ሳዳምጥ፣ ከሀ ጀምሮ በለሆሳስ እየዘመረ ወደ ጊ ለመድረስ ይሮጣል።

ልጁ የእኔ ልጅ ነው። ያን ጊዜ እኔ ራሴ አስተማሪ ነበርኩ፤ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ተምሬ የወጣሁ። ለሌላው ሰው ልጅ ፊደል የማስቆጥር ሴት የራሴ ልጅ እንደማያነብ አላወቅሁም ነበር። ስም ጠሪ መምህሩ አንድ ቀን አስጠርቶኝ «እትዬ፣ አትቀየሚኝ፣ ይህ ልጅ ቀለም አይዘልቀውም። ከአሁኑ እጅ ሥራ ብታስለምጂው ይሻላል» አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ ከስልሳ የሚበልጡ ልጆች ነበሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ግን «አይዘልቀውም» የምትለው ቃል አላስተኛችኝም። የት ላይ ነው የማይዘልቀው? ጆሮው ላይ? ዓይኑ ላይ? ድምፁንና ምልክቱን ማገናኘቱ ላይ? ዛሬ የምሠራው ሥራ ይህን ጥያቄ መጠየቅ ብቻ ነው።

(ምስል፦ ሁለት ክፍል ያለው ቤት፤ ዝቅተኛ ጠረጴዛ፣ የልጅ እግር መሬት የሚነካበት ወንበር። በመስኮቱ በኩል የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።)

የትምህርት ምዘና ስንል ብዙ ወላጅ ፈተና ይመስለዋል። ልጁን ያመጣና «ስንት ያገኛል?» ይለኛል። የመጀመሪያውን ቀን ግን ልጁን አላየውም፤ የምቀመጠው ከእናትና ከአባት ጋር ነው። እርግዝናው እንዴት ነበር? ምጡስ? ኃይለኛ ትኩሳት ታሞ ያውቃል? መናገር የጀመረው መቼ ነው? ቤት ውስጥ የሚነገረው ቋንቋ የትኛው ነው? ስንት ትምህርት ቤት ቀየረ? ስንት ወር፣ ስንት ዓመት ከትምህርት ቤት ራቀ?

የመጨረሻው ጥያቄ በእኛ አካባቢ ከሁሉ ይከብዳል። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በክልላችን ጦርነቱ መጣ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ከረሙ። አራተኛ ክፍል ተብሎ የተመዘገበ ልጅ በትክክል የተማረው የሁለት ዓመት ትምህርት ሊሆን ይችላል። ያልተማረውን ባለማወቁ ችግር አለበት ብሎ ወረቀት መጻፍ በደል ነው። እንዲህ ላለው ልጅ የሚያስፈልገው የቀረበትን ማስተማር ነው፤ ይህን ስናገር አንዳንድ ወላጅ ገጹ ላይ እፎይታ አያለሁ፣ አንዳንዱ ደግሞ ትልቅ ስም ያለው በሽታ ስላልነገርኩት ቅር ይለዋል።

ከዚያ ዓይንና ጆሮ። ይህን ሳላጣራ ወደ ሌላ አልሄድም። ሄርማን ስኔለን የተባለው የኔዘርላንድ የዓይን ሐኪም የማየት አቅም መለኪያ ሰንጠረዡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ፊደል ላላወቀ ልጅ ደግሞ ሦስት ጥርስ ያለው ሹካ የሚመስል አንድ ምልክት ብቻ ያለበት ሰንጠረዥ አለ፤ ልጁ ስድስት ሜትር ርቆ ይቆምና ጥርሱ ወደ የት እንደዞረ በእጁ ያሳያል። ማንኛውም ትምህርት ቤት ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው ይችላል። የአማራ ክልል ትራኮማ በሚባለው የዓይን በሽታ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። መግል የሚፈስሰው ጆሮ ደግሞ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ በጥጥ ይወተፋል። ጆሮው በደንብ የማይሰማ ልጅ «በ» እና «ፐ» አይለይም፤ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጥና ሰነፍ ይባላል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። የጠረጠርኩትን ወደ ሐኪም እልካለሁ፤ ልጁ መነጽር አድርጎ ወይም ጆሮው ታክሞ ሲመለስ የእኔ ሥራ አንዳንድ ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል።

(ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተበታተኑ የፊደል ካርዶች።)

አሁን ወደ ንባቡ እንግባ፤ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

የድሮ የኔታዎች ልጄ የሠራውን ዘዴ አሳምረው ያውቁት ነበር። ልጅ በዜማ የያዘውን ፊደል ያወቀ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ስለዚህ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳን ይሰጡታል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ያው ፊደል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ፈርሷል፣ ግዕዝና ካዕቡ፣ ሣልስና ራብዑ ተደበላልቋል። ዜማው አያድነውም፤ ምልክቷን አይቶ መለየት አለበት። እኔ ይህን ምዘና እለዋለሁ፤ ያውም ከውጭ ከመጡት ብዙዎቹ የቀደመ። ስለዚህ የመጀመሪያው ካርዴ አቡጊዳ ነው።

ቀጥዬ ፊደሉን እተወውና ጆሮውን እሞክራለሁ። «ጣና በል።» «ጣና።» «ጣ ን አውጣና የቀረውን ንገረኝ።» «ና።» ብዙ ልጅ እዚህ ላይ ይስቃል፤ የጠራሁት ይመስለዋል። ይህን ጨዋታ መጫወት ያቃተው ልጅ ቃል ከድምፆች የተሠራ መሆኑ ገና አልተገለጠለትም። ከዚያ ትርጉም የሌላቸው የፈጠራ ቃላት እሰጠዋለሁ፤ «ሙጤሶ»፣ «ገቢፎ» ዓይነት። በልምድ የሚገምት ልጅ እዚህ ጋ ይያዛል። «ሙጤሶ»ን «ሙዝ» ብሎ ያነብልኛል።

የአማርኛ ጽሕፈት ሌላም ጣጣ አለው፤ መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። «ይበላል» ብዬ ብጽፍ ሰውየው ሊበላ ነው ወይስ ምግቡ ሊበላ ነው? የሚነግረን ዐረፍተ ነገሩ ነው። ስለዚህ አንዷን ፊደል ከሌላዋ እየነጠለ፣ ይ፣ በ፣ ላ፣ ል እያለ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን ሁሉ አውቆ ቃሉን ሊያጣው ይችላል። ንባቡ ቀርፋፋ በሆነ መጠን የዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ከአእምሮው ይጠፋል። በእንግሊዝኛ ላይ የተሠራ የንባብ ፈተና ይህን አይጠይቅም፤ መጠየቅም አይችልም።

ዲስሌክሲያ የሚባለው የማንበብ ችግር የሚታየው እዚህ አካባቢ ነው። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1887 ያወጣው ሩዶልፍ በርሊን የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። ዛሬ የምናውቀው ግን ችግሩ በዋናነት የዓይን እንዳልሆነ ነው፤ ድምፅንና ምልክትን ማገናኘቱ ላይ ነው የሚገኘው። ከብልህነት ጋርም አይያያዝም። ልጄ እንዲህ ያለ ነው። የአያቱን ተረት አንድ ጊዜ ሰምቶ ከነአነጋገሯ ይመልስልሃል፤ ሦስት መስመር ለማንበብ ግን ያልበዋል።

ስለ ብልህነት ካነሳን፣ አይ.ኪው. ስለምትባለው ዝነኛ የብልህነት ቁጥርም ልናገር። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን መለኪያ ሲያዘጋጁ ዓላማቸው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልገውን ተማሪ መለየት ነበር። ቢኔ ራሱ የልጅ አእምሮ የማይለወጥ መጠን ነው የሚሉትን ይቃወም ነበር። ዴቪድ ዌክስለር ለልጆች ያዘጋጀው ፈተና እ.ኤ.አ. በ1949 ወጣ፤ አማካዩ 100 ነው። አምስተኛው እትም እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ማነጻጸሪያው 2,200 የአሜሪካ ልጆች ነበሩ። ከዘጌ በጀልባ የመጣን ልጅ ከእነዚያ 2,200 ልጆች ጋር አሰልፌ «85 ነህ» ልለው? የደንገል ታንኳ ውኃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድና ለምን ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣ ያስረዳኝን ልጅ? ከፈተናው አንዳንዱን ክፍል፣ ለምሳሌ ቁጥሮችን ሰምቶ ወደ ኋላ መመለስን የመሰለውን፣ ልጁ የት ላይ እንደሚደክም ለማየት እጠቀምበታለሁ። ቁጥሯን ግን ወረቀት ላይ አላወርዳትም። በዚህ የሚቆጡኝ ባለሙያዎች አሉ፤ ይቆጡ።

ስለ ትኩረት አጭር ቃል። «አንድ ቦታ አይቀመጥም» የተባለ ልጅ ሁሉ የትኩረት ማነስ ችግር አለበት ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታደሰው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ምልክቶቹ ከ12 ዓመት በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ ስድስት ወር የቆዩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ የሚታዩ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ እሳት፣ ክፍል ውስጥ ውኃ ከሆነ መጀመሪያ ቤቱን እንጠይቅ። ውሳኔው ግን የሐኪም ነው።

ኦቲዝምም እንዲሁ። እዚህ ላይ የአንዲት እናት ስም ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፦ ዘሚ የኑስ። ልጇ ኦቲዝም ያለበት ነበር፤ ቦታ ስታጣለት እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ውስጥ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች የጆይ ማዕከልን ከፈተች። እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈች። እንደ እኔ ዓይነቷ እናት ሥራዋን ትታ ቤት ስትከራይ «አበደች» ሲሏት፣ ከእሷ በፊት እንዲሁ የተባለች ሌላ ሴት መኖሯ ያበረታል።

(ምስል፦ አባት፣ እናትና አያት ሶፋ ላይ፤ ፊት ለፊታቸው የቡና ረከቦት።)

ምዘናው ካለቀ በኋላ ቤተሰቡን እጠራለሁ። አያት ካለች እሷም ትመጣለች፤ ቤቱን የምታዝዘው ብዙ ጊዜ እሷ ናት። ውጤቱን የምናገረው ልጁ ከሚችለው ጀምሬ ነው። አባት «ታዲያ ስንተኛ ይወጣል?» ይለኛል። ደረጃውን አላውቅም፤ የማውቀው «ጊ»ን ከ«ጌ» መለየት ላይ እንደሚሰናከል ነው። በቀን 15 ደቂቃ እንዲያነቡለት እጠይቃለሁ፤ መብራት ሳይጠፋ፣ ልጁ ሳይደክመው፣ ከእራት በፊት። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ይቁም። ጸበል የሚወስዱትን ተው አልልም፤ ጸበሉም ይቀጥል፣ 15 ደቂቃውም አይቅር።

ለአያት የተለየ ሥራ አለኝ። ማንበብ ባትችልም «ተረት ተረት» ስትል ልጁ «የመሠረት» ይላል፤ ተረቱ ሲያልቅ ጅቡ ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ትጠይቀው። የማንበብ ግማሹ የሰሙትን መረዳት ነው፤ እሱን ከእሷ የተሻለ የሚያስተምር የለም።

ለስም ጠሪው ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አንድ ገጽ ብቻ። የፊት ወንበር ይሰጠው፣ የፈተናው ጥያቄ ይነበብለት፣ ጊዜ ይጨመርለት፣ ሳይዘጋጅ በክፍሉ ፊት ድምፁን አሰምቶ እንዲያነብ አይገደድ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው። ደብዳቤው ላይ ግን ሕጉን አልጠቅስም። ስልሳ ልጅ ላለው መምህር ከሕግ ይልቅ «እናመሰግናለን» የሚል ቃል ይሻለዋል።

ይህን ሁሉ የምመክር ሴት በቤቴ ምን እንደማደርግ ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲትን እናት «አትጩሂበት» ብዬ ሸኘሁ። ማታ የልጄን ደብተር ከፈትኩ፤ አንዱን ቃል በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ጽፎታል። ጮህኩ። እሱም «እማዬ፣ ሥራ ቦታሽ እንዲህ ትያቸዋለሽ?» አለኝ።

ለመምጣት ካሰባችሁ በጠዋት ኑ፤ ከሰዓት በኋላ የባሕር ዳር ሙቀት አዋቂውንም ያስተኛል። ልጁ ቁርስ በልቶ ይምጣ። ፈተና ነው አትበሉት። ደብተሮቹን እንዳሉ አምጡ፤ በላጲስ የጠፋ ወይም በአስጠኚ እጅ ተስተካክሎ የተገለበጠ ደብተር አይጠቅመኝም። ስህተቱን እፈልገዋለሁ።